የእግረኛው በር

ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ «በሬ» ነበር የሚለው። ስሙ የወጣለት በተቀጠረ በሁለተኛው ወር ነው። የመኪና በር ሰቅሎ፣ ክፍተቱን በጣቱ እየዳበሰ፣ ብሎኑን ገና ሳያጠብቅ፣ አንድ ጥራት ተቆጣጣሪ መጥቶ በሩን ሊዘጋው እጁን ዘረጋ። ያ ቃል ከአፉ የማይወጣው አዲስ ሠራተኛ ቀና ብሎ «በሬን አትንካ» አለው። ባልደረቦቹ ሳቁ። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም፣ አረማመዱ ዝግ ያለ ስለነበር ስሙ በሁለቱም ፍቺው ልክክ አለለት። ሃያ አራት ዓመትም አብሮት ኖረ።

ሥራው የግራውን የፊት በር መግጠም ነበር። ቀለም የተቀባው የመኪና አካል በመስመሩ ላይ እየተንሸራተተ ሲደርሰው ሦስት ደቂቃ አለው። በሩን ከማንጠልጠያው ያወርዳል፣ ከማጠፊያው ጋር ያገናኛል፣ አራት ብሎን ያስገባል፣ ከዚያ ዙሪያውን በሌባ ጣቱ ይዳብሳል። መለኪያ ተሰጥቶታል፤ ይለካበታልም። ግን መጀመሪያ የሚያምነው ጣቱን ነው። ወደ ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊት ከአንድ አናጢ ጋር የቤት በር ሲገጥም ነበርና ከበር ሌላ ሥራ አያውቅም ማለት ይቻላል።

ሰማንያ አንድ ዓመት የሆናቸው እናቱ አብረውት ነው የሚኖሩት። ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞቶባቸው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እየዘፈዘፉ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ከዳቸው እንጂ ምላሳቸው እንደ ጥንቱ ነው። ጎረቤት «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቃቸው «በር ላይ ነው» ይላሉ። በዚህ የተነሣ የሰፈሩ ሰው እኩሌታው ዘበኛ ይመስለው ነበር። እሱም አላስተባበለም።

«አንድ በር ለመግጠም ሃያ አራት ዓመት ይፈጃል?» ብለው ጠይቀውት ያውቃሉ።

«እማዬ፣ በሩ እኮ ብዙ ነው።»

«እሱማ ይሁን። ግን አንድ ቀን ባየው ደስ ይለኝ ነበር።»

ማየት የሚቻልበት ቀን መጣ። ፋብሪካው የተመሠረተበትን ዓመት ምክንያት አድርጎ «የክፍት በር ቀን» የሚባል ነገር አዘጋጀ። ሠራተኛ ሁሉ ሁለት ቤተሰብ ማስመዝገብ ይችላል፤ ሕዝቡም ይጋበዛል ተባለ። በሬ እናቱንና ሚስቱን አስመዘገበ። ሚስቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ እሱ ያላወራውን ሁሉ እሷ ታወራለታለች። ከጤና ጣቢያው ተሽከርካሪ ወንበር ለመነች፣ የአማቷን ቀሚስ በልካቸው አጠበበች፣ የባሏን ቱታ ሁለት ጊዜ አጥባ ተኮሰችው።

እሱ ሥራውን ለጎብኚ ከሚያሳዩት አንዱ ስለነበር በማለዳ ወጣ። እነሱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በታክሲ እንዲመጡ ተነጋገሩ።

ችግሩ የጀመረው ከማስታወቂያው ነው። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ስምንት መቶ ሰው ይመጣል ብሎ ነበር የተዘጋጀው። ቀኑ ሲቃረብ ግን ሰው እንዳያንስ ተፈራና «አዲሱን መኪና ነድተው ይሞክሩ» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ይህን ሰምቶ ቤቱ የሚቀር ማን ነው? ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ፤ የመጣውም ሁሉ በየመኪናው ነው። ወደ ፋብሪካው የሚወስደው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ሲሆን መሐሉ ላይ ሁለት መኪና ተፋፍጎ የሚተላለፍበት ድልድይ አለ። የመኪና ማቆሚያው በሦስት ሰዓት ተኩል ሞላ። ከዚያ በኋላ የሚገባው አልገባ፣ የሚወጣው አልወጣ፤ በትልቁ የመኪና በር ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ቆሙ።

በሬ ይህን አላየም። በተተኮሰ ቱታው ቦታው ላይ ቆሞ ነበር። ጎብኚ አልፎ አልፎ ብቅ ይልና ያልፋል። ዛሬ ስልክ ተፈቅዶ ስለነበር አምስት ሰዓት ላይ ደወለ።

«የት ደረሳችሁ?»

«ድልድዩ ጋ ነን» አለች ሚስቱ።

«ቅድምም ድልድዩ ጋ ነን ብለሽኝ ነበር።»

«ድልድዩም አልተንቀሳቀሰም፣ እኛም አልተንቀሳቀስንም።»

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ሚስቱ ወደ ቤት መመለስ ይሻላል ብላ አስባ ነበር፤ መዞሪያ ግን የለም። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ ከጎን ቦይ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ እራሷ ደወለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «እማማን ሽንት ይዟቸዋል። እስካሁን ችለው ነበር፤ አሁን ግን ተጨንቀዋል። ሰው መሐል እንዴት አድርጌ ላውርዳቸው?»

በሬ ስልኩን ዘግቶ ወደ አለቃው ሄደ። «እናቴ መንገድ ላይ ናት» አለ።

አለቃው ባዶውን አዳራሽ አየ። «ጎብኚ ሳይመጣ ለማን ልታሳይ ነው? ሂድ» አለው።

የመሣሪያ ቀበቶውን እንኳ ሳይፈታ ወጣ። ከበሩ እስከ ድልድዩ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪኖቹ ሞተራቸውን አጥፍተው እንደ ዶቃ ተሰክተዋል። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ አባቶች ጣሪያ ላይ ተደግፈው ወደፊት ይመለከታሉ። የፋብሪካውን ቱታ ያየ ሹፌር ሁሉ አንድ ነገር ሳይለው አላሳለፈውም።

«አንተ ባለ ፋብሪካ፣ መኪና ስትሠሩ መንገድ መኖሩን አልጠየቃችሁም?» አለው አንዱ።

«ልጆቼ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም» አለችው ሌላዋ፤ የእሷ ንግግር ቁጣ ስላልነበረበት የበለጠ ከበደው። «ይቅርታ» እያለ ሄደ። ሰማንያ ጊዜ ሳይል አይቀርም።

ታክሲው ጋ ሲደርስ ባዶ ነበር። ሹፌሩ በጣቱ ወደ መንገድ ዳር አመለከተው። እዚያ አንድ ጎሚስታ አለ፤ ከጎማ ክምሩ ጀርባ በጓሮ በኩል ሽንት ቤት ነበረው። ጎሚስታውና የበሬ ሚስት አሮጊቷን ከነወንበራቸው ብድግ አድርገው ቦዩን አሻግረዋቸው ኖሯል። በሬ ሲደርስ እናቱ እጃቸውን ታጥበው፣ ጥላ ስር ተቀምጠው ከጎሚስታው ጋር ስለ ልጆቹ ያወራሉ።

«መጣህ?» አሉት። «ቤት እንመለስ እንዳትለኝ።»

እሱ ደግሞ ያን ሊል ነበር የመጣው። ሚስቱን አያት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ቀኑ ገና ነው፤ መንገዱ እንደሆነ ወደየትም አያስኬድ። ጎሚስታውን አመስግኖ የወንበሩን እጀታ ጨበጠ።

ሁለት ኪሎ ሜትሩን በመኪኖቹ መሐል ተጓዙ። መተላለፊያ ሲጠብ ሚስቱ ፊት ፊት እየሄደች የጎን መስታወት ታሳጥፋለች፤ «ይቅርታ ጋሼ፣ እናታችንን እናሳልፍ፤ እህቴ፣ ትንሽ ሰብሰብ አድርጊልን» ትላለች። ከመኪናቸው ወርደው በእግር የጀመሩ ሌሎችም ተከተሏቸው። እናትየው እንደ ሠርግ አጃቢ የተከተላቸውን ሰው ዞር ብለው እያዩ «ይህ ሁሉ ሰው የአንተን በር ሊያይ ነው?» አሉ። በሬ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ቢገባም ሳቀ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ትልቁ በር በመኪና ስለታፈነ ሰው እንኳ በጎን የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም። ሠራተኞች በካርድ የሚገቡበት የሚሽከረከር ብረት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ እሱም ለጎብኚ አልተፈቀደም። ከጎኑ ያለው ሰፊው የእግረኛ በር በሰንሰለት ተቆልፏል።

የጥበቃው ሠራተኛ ከውትድርና የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ሁሉም «ሻለቃ» ይሉታል፣ ሻለቃ ሆኖ ግን አያውቅም። «ወንድሜ፣ እኔስ እናትህን አላስገባም ብዬ ነው?» አለ። «ቁልፉ ያለው አለቃችን ጋ ነው። አለቃችን ደግሞ ከትራፊክ ፖሊሶቹ ጋር መንገድ ላስከፍት ብሎ ወጥቶ ድልድዩ ማዶ ቀርቷል። የተሰጠኝም ትእዛዝ ጎብኚ የሚገባው በመኪና፣ የመኪናውን ወረቀት አሳይቶ ነው የሚል ነው። በእግር ስለሚመጣ ሰው የጻፈ የለም።»

«ቁልፉን ስበረው» አለ ከሕዝቡ መሐል አንዱ።

በሬ ቁልፉን አላየውም። የሚያየው ማጠፊያውን ነበር። ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ነካው፤ ቀና ብሎ የላይኛውን ዳበሰ። ወደ ላይ ተስቦ የሚወጣ ዓይነት ነው፤ እንዳይነሳ የሚይዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው። ከቀበቶው መፍቻውን አወጣ።

«ይህን ካደረግክ መጻፍ አለብኝ» አለ ሻለቃ።

«ጻፍ።»

ብሎኑ ዝጎ ስለነበር ጊዜ ወሰደ። ሲለቅለት ከሕዝቡ ሦስት ሰው ጠራና የት የት እንደሚይዙ አሳያቸው። «ወደ ላይ ብቻ። አትጎትቱት» አላቸው። በሩ ተነሣ፤ ቁልፉና ሰንሰለቱ ሳይነካ በዚያ በኩል እንደ ማጠፊያ ሆኖ ዞረ። ወንበሩን የሚያሳልፍ ሰፊ መንገድ ተከፈተ።

ይህን ጊዜ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ እየሮጠች ደረሰች። ወጣት ናት፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ የቆየች ይመስላል። «ማን ፈቀደላችሁ?» አለች።

ሻለቃ ደብተሩን ይዞ ወደ በሬ አየ።

«እኔ ነኝ» አለ በሬ። «ሲጨርሱ እመልሰዋለሁ።»

ሴትዮዋ በሩን፣ ወንበሩ ላይ ያሉትን አሮጊት፣ ከኋላ የቆመውን ሕዝብ ተራ በተራ አየች። «ሕፃን የያዘ ይቅደም» አለች በመጨረሻ። «ውሃ አዳራሹ ውስጥ አለ።»

ሚስቱ አማቷን ወደ ጥላ ወሰደች። በሬ ሁለት መቶው ሰው ገብቶ እስኪያልቅ፣ በኋላም የመጡት እስኪያልፉ ቆሞ በሩን ደገፈ። ከዚያ ከእነዚያው ሦስት ሰዎች ጋር አንሥቶ መለሰው። ብሎኑን አጠበቀ፣ ዙሪያውን በጣቱ ዳበሰ፤ የታችኛው ማጠፊያ ድሮም ጠሞ ኖሮ እሱንም አቃናው።

እናቱን ይዞ ወደ መስመሩ ሲደርስ አስር ሰዓት አልፎ ነበር። መስመሩ ቆሟል፤ ከመብራቱ እኩሌታው ጠፍቷል፤ አስጎብኚዎቹ ወንበር ይሰበስባሉ። እሱ ቦታ ላይ ግን በሩ የተገጠመለት አንድ መኪና ቆሟል። ወንበሩን ገፍቶ አስጠጋቸውና የእናቱን ጣት ይዞ በበሩና በአካሉ መሐል ባለችው ክፍተት ላይ ከላይ እስከ ታች አስሄደው። ሰላሳ ዓመት በሙቅ ውሃና በሳሙና የቆየ ጣት ነው፤ ቆዳው ደርቋል።

«ምን ይሰማሻል?»

«ምንም።»

«እሱ ነው ሥራዬ። ምንም እንዳይሰማ ነው።»

እናትየው እንደገና፣ አሁን ብቻቸውን ዳበሱት። «ቢሰፋ ምን ይሆናል?»

«ዝናብ ያስገባል። ነፋስ ያፏጫል።»

«ስንት ሠርተሃል እስካሁን?»

ቆጥሮ አያውቅም ነበር። መንገዱ ላይ ከቆሙት ውስጥ ስንቱ የእሱ እንደሆነም አላሰበም። «እንጃ» አላቸው። እሳቸው ግን መልስ አልጠበቁም፤ በሩን ከፍተው ሲዘጉ፣ ከፍተው ሲዘጉ ቆዩ። ሚስቱ ድካም በርትቶባት መሬት ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች።

ሻለቃ እንዳለው ጻፈ። በሳምንቱ የጥበቃ ክፍሉ ኃላፊ በሬን አስጠርቶ የፋብሪካ ንብረት ያለፈቃድ በመንቀል በሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም ነበር። በሁለተኛው ቀን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ «በሩ እንዲነሣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ብላ ፈርማ አስገባች። ይህ እውነት እንዳልሆነ በሬም፣ ሻለቃም፣ እሷም ያውቃሉ። ደብዳቤው ከፋይሉ ወጣ። እሷ ራሷ በዚያ ቀን ሰበብ ብዙ ወቀሳ ሰምታለች፤ በሬ ሊያመሰግናት ቢሮዋ ድረስ ሄዶ የበሩን ማጠፊያ ይነካካ ጀመር፤ እሷም ገባትና «እናትዎ ደህና ናቸው?» ብላ ገላገለችው።

በቀጣዩ ዓመት ለክፍት በር ቀን ከከተማ አውቶቡስ ተመደበ፤ ሰፊው በርም ቁልፉ በጥበቃው እጅ እንዲሆን ተወሰነ። የበሬ እናት ግን አልሄዱም። ክረምቱን ሳንባቸውን ታመው፣ ቢድኑም ከቤት መውጣት ትተው ነበር። ያ ቀን የመጨረሻው ረጅም መንገዳቸው ሆነ።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ዕቃ እያጠቡ «እንኳን ወሰድኳት» አለ በሬ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሚስቱ ሳህኑን አቀበለችው። «የወሰድኳቸውስ እኔ ነኝ፤ አንተ በር ነው የነቀልከው» አለችና ውሃውን ዘጋችው።