ዘሃራ የተባልኩበት አገር

ማተቤን በጥርሴ ነው የበጠስኩት። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ ሐይቅ ከተማ፣ ሚኒባሱ ሰው እየጠራ፣ እኔ ከውሃው ዳር ቁጢጥ ብዬ። ከአምባሰል ድረስ ልትሸኘኝ የመጣችው ጎረቤቴ ከድጃ ፊቷን አዞረች። ክሩን ላስይዛት እጄን ብዘረጋ፣ «ኧረ እኔን አታስይዥኝ እታለም! እናትሽ ቢጠይቁኝ ምን ልላቸው ነው?» አለችኝ። ከድንጋይ ሥር ሸጉጬው ተነሳሁ። እናቴን «ከደረቴ ደብቄ እይዘዋለሁ» ብያት ነበር የወጣሁት።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁም፣ እንደኔ በሰው አገር ለምትንከራተቱም ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ ጅዳ መጥቼ ነውና ቢንጋደድ እለፉት።

ልጄ በወሊድ ሞተችብኝ። ሁለት ልጆች ጥላ ሄደች፤ የሚያሳድግ ሲጠፋ እነሱን ለእናቴ ትቼ ለመሰደድ ቆረጥኩ። ደላላው «ክርስቲያን አይወስዱም» አለና አስካለ መባሌን ትቶ ዘሃራ አደረገኝ። ዕድሜዬንም ሠላሳ ሁለት አለው፤ እኔን፣ አያቲቱን! ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመትዎ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«ኑሮ ነው ልጄ።»

«እንዲህ ከሆነማ እኔ ገና አልተወለድኩም» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ስሜን መካዴ ያኔ ሳቅ ነበር።

ስግደቱን ያስተማረችኝ ከድጃ ናት። «ሰላት ቀልድ አይደለም፤ እንደሚገባው ካልሰገድሽ ይቅርብሽ» ትለኝ ነበር። እሷም ቅር እያላት፣ እኔም እያፈርኩ ነው የተማማርነው። እንጀራ ፍለጋ መሆኑን ስለምታውቅ ዝም አለችልኝ።

ጅዳ ማለት፣ እንዴት ልንገራችሁ፣ ከቤት ስትወጡ ነፋሱ ራሱ ያቃጥላል። የአምባሰል ጉም፣ ያ ጠዋት ጠዋት ነጠላ የሚያረጥበው፣ በሕልሜ እንኳ ይመጣብኛል። የገባሁት አልጋ ላይ ከዋለች አሮጊት ቤት ነው። ደግ ሴት ነበረች። አጥባታለሁ፣ አገላብጣታለሁ። ረመዳንን ከእሷ ጋር እጾማለሁ፤ የኛ ጾም ሲገባ ደግሞ ሥጋ አይስማማኝም ብዬ ሑመስ እበላለሁ። ሑመስ የሚሉት ሽንብራ ደቁሰው ዘይት የሚያፈሱበት ነው፣ ሽሮ ሳይሞቅ እንደመብላት ቁጠሩት። በሁለት ሃይማኖት ጾሜ በአንዱም አልፈሰክሁ።

አንድ ቀን የሻይ ሰሃን ከእጄ ወድቆ ተንኮታኮተ። «ማርያም፣ ማርያም!» ብዬ ጮህኩ።

«ዘሃራ፣ ኢንቲ መሲሒያ?» አለችኝ አሮጊቷ። ክርስቲያን ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

«ላ፣ ወላሂ! በኛ አገር እኮ እስላሟም ምጥ ሲይዛት ማርያምን ትጠራለች።»

ይህ ሐሰት አይደለም። ከድጃ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ማርያምን ስትጣራ እጇን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። እውነት ተናግሬ ዋሸሁ። አሮጊቷም አመነችኝና ጉንጬን ዳብሳ መረቀችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሷ ስትሞት ልጆቿ ቤቱን ዘጉት። የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አለፈ፤ በቀን ሥራ እያጸዳሁ ከሐበሻ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጠጋሁ። እነሱ ዓርብ ዓርብ ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ ያጠናሉ። የደሴዋ ሰናይት ከስልኳ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታነባለች። አከራያችን አንድ ዓርብ በሩን ቆረቆረ።

«በየጁምዓው ይሄ ሁሉ ሴት ምንድን ነው?»

«ለቅሶ ነው፣ ያ ሐጅ» አለች ሰናይት።

«በየሳምንቱ?»

«አገራችን ሰው ይሞታል፣ ያ ሐጅ።»

ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ «አላህ ያጽናችሁ» ብሎ ሄደ። አፋችንን ይዘን ሳቅን። ወዲያው ግን በዚያው ሳምንት ወንድሟን የቀበሩባት ልጅ ከመካከላችን ስቅስቅ አለች፤ ለቅሶውም የእውነት ሆነ።

አገሬ ሳለሁ ደጅ እስማለሁ፣ እጾማለሁ፣ ግሸንን በእግሬ እወጣለሁ፤ ቃሉ ምን እንደሚል ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቄሶቹ ያውቁታል ብዬ። እዚህ ነው ሰናይት «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ፊደል» እያለች ያስጀመረችኝ። መጀመሪያ ያነበብኩት አስካለ የሚለውን ነው። ስንት ዓመት ሰው ያልጠራኝን ስም!

አንድ ዓርብ ጴጥሮስ የካደበትን አነበብን። እሳት እየሞቀ ሳለ አንዲት የቤት ሠራተኛ አየችውና አንተም ከእሱ ጋር ነበርክ አለችው። ሰናይት «እናንተ እዚያ ብትኖሩ ማንን ትሆኑ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«እኔማ ሠራተኛዋን!» አለች ጠጄ፣ ቀልደኛዋ። «የሰው ቤት ሠራተኛ የማታውቀው ምስጢር አለ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልቻልኩም። «ለጴጥሮስስ ዶሮ ጮኸለት» አልኩ። «እዚህ ዶሮ የለም። እኔን ማን ይቀስቅሰኝ? ዘጠኝ ዓመቴ እኮ ነው።» ከማተቡ ጀምሬ እስከ መሐላው ዘረገፍኩት። ጠጄ ሳቋን ትታ፣ «እትዬ፣ እኔም ወረቀቴ ላይ ሐያት ነኝ» አለች። ከጥግ ሌላዋ «እኔ ሰዓዳ ነኝ።» ሌላዋም። ለካ ግማሻችን በሰው ስም ነው የምንኖረው!

ሰናይት ገጹን ገፋ አድርጋ ጌታ ከሞት ከተነሣ በኋላ ከባሕሩ ዳር ያለውን አነበበችልን። ማለዳ፣ ፍም፣ ዓሣ። እኔ ያን ማለዳ አውቀዋለሁ፤ ሐይቅ ላይ አጥማጆቹ ከውሃው ሲወጡ ያለው ነው። ጴጥሮስን አልተቆጣውም። መጀመሪያ አበላው፤ ከዚያ ትወደኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ደግማ እንድታነብልኝ ለመንኳት። በኋላ ራሴ እየቆጠርኩ አነበብኩት፤ አንዱን ገጽ ስንት ሳምንት ፈጀሁበት።

ያኔ ነው ለእናቴ ልነግራት የወሰንኩት። «ልጄ በሃይማኖቷ ጸንታለች» እያለች ለመንደሩ ስትመሰክርልኝ ነበርና፣ አታልያት እንድትሞት አልፈለግሁም። እዚህ ቄስ የለምና ንስሐ ብገባ አገሬ ላይ ነው፤ ወረቀቴ ስላለፈ ደግሞ ብሄድ መመለሻ የለኝም። ልጆቹ ገና በምልከው ብር ትምህርት ላይ ናቸው።

እናቴ ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩን ይዛላት የመጣችው ከድጃ ናት።

«ከድጃ፣ ንገሪያት። ማተቤን እንደበጠስኩ፣ ክጄ እንደማልኩ።»

«አንቺ! ቀስ ብል አይሰሙኝ፣ ብጮኽ ቀዬው ይሰማል!»

«ይስማ።»

ጮኸችው። ኃጢአቴ በከድጃ አፍ አምባሰል ላይ ሲጮኽ ጅዳ ሆኜ ሰማሁት።

«ምን አለች?»

«ንስሐ በሰው እጅ አይላክም፣ በእግሯ ትምጣ፣ ግሸን አብሬያት እወጣለሁ ይላሉ። በየትኛው ጉልበትዎ ብላቸው ተቆጡኝ እኮ!»

እናቴ ስልኩን ነጠቀቻት መሰለኝ፣ ትንፋሿ ቀረበኝ።

«አስካለ! መቼ ነው የምትመጪ?»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«መቼ?» አለች ደግማ።

ከድጃ ተቀበለቻት። «እታለም፣ እሳቸው አይሰሙም። ምን አለች ልበላቸው?»