የቡችላው ጆሮ

በ1953 ዓ.ም.፣ በመኸር፣ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ራሱን ደፍቶ የወፍ ጥበቃ የተጀመረበት ሰሞን ነበር። ባለቤቴ ከብት ነድቶ ወደ ባቲ ገበያ ወርዷል። እኔ ከአማቶቼና ከባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጋር እቤት ቀርቻለሁ።

በግቢያችን አንድ ቡችላ ነበር፤ መልኩ ዳማ፣ ከጡት ከተለየ ገና ብዙ ያልቆየ፣ ጆሮው እንደ ጎመን ቅጠል ሰፍቶ የተንጠለጠለ። ያመጣነው ለጥጆቹ ነው። በዚያ ክረምት ከቦርከና ወንዝ ዳር የወጣ ጅብ አንድ ጥጃ በልቶብን ነበር። ውሻ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ መያዝ በሃይማኖታችን ተፈቅዷል። ቤት ግን አይገባም፤ ምራቁ ከነካን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር አድርገን እንታጠባለን። እሱ ከበረቱ ጎን፣ እኛ ከቤታችን፤ እንዲህ ነበር የምንኖረው።

የባለቤቴ ወንድም ቀደም ብሎ እሱም ባቲ ወርዶ ነበር። እዚያ የአንድ ጨው ነጋዴ ውሻ አየ። ጆሮው ከሥሩ፣ ጭራው ከመሐሉ ተቆርጧል። ጭንቅላቱ የነብር መስሏል፣ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ሲያየው ነበር እያለ አወራልን። ከዚያ ወዲህ ቡችላችን ባለፈ ቁጥር፣ «ይኼ ጆሮ ነው ወይስ ሰፌድ?» ይላል።

የውሻ ጆሮ መቁረጥ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በተሳለ ቢላዋ ይቆርጡና ቁራጩን ፍም ላይ ጠብሰው፣ በርበሬ ነስንሰው፣ መልሰው ለቡችላው ያበሉታል። የገዛ ጆሮውን የበላ ውሻ ማንንም አያምንም ይባላል። በአባቴ ቤት እንዲህ የተደረገ ውሻ ነበረን። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ጆሮው ውስጥ ይገባል፤ ዝንብ ያርፍበታል፤ ቁስሉ ይተላል። ራሱን ከግንድ ጋር ሲያሽ ይውላል። ክፉ መሆኑን ሆነ፤ ከሕመሙ የተነሣ እኛኑ ይነክስ ነበር። ጅብ ሲመጣ ግን የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ጮኸው ካበቁ በኋላ ነበር የሚነሣው።

የዚያን ዕለት የዐስርን ሶላት ሰግጄ፣ የቤት ሥራዬን ጨርሼ አመሻሽ ላይ ስወጣ የባለቤቴ ወንድም ደጅ ተቀምጦ ቢላዋውን በድንጋይ ይስላል። በአጠገቡ ፍም የያዘ ገል አለ፤ ደም ማቆሚያ አመድም በቅል አዘጋጅቷል። ቡችላው ከበረቱ ደጃፍ ተኝቷል። ነገሩ ገባኝ።

«ወንድሜ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ላሳምረው ነው፣ እታለም። ባልሽ ሲመለስ አያውቀውም።»

«ተወው። ጥጃ ይጠብቅልን ብለን እንጂ ያምርልን ብለን አላመጣነውም።»

«ኧረ በአላህ! ለውሻም ጠበቃ ቆመሽ?» ብሎ ሣቀና ተነሣ።

እሱ ከመድረሱ በፊት ደረስኩ። ቡችላውን አነሣሁት። መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጭኔ ላይ አድርጌ በኩታዬ ሸፈንኩት። በወንድሙ ሚስት ጭን ላይ ያለን ነገር እጁን ሰዶ የሚያነሣ ወንድ በአገራችን የለም። ይህን አውቄ ነው የተቀመጥኩት። ቡችላው እጄን ላሰኝ። ቀሚሴም፣ ኩታዬም፣ እጄም ያን ጊዜ ተነጀሱ፤ ለሶላት ረከሱ።

የባለቤቴ ወንድም ቢላዋውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ሱብሃነላህ! አንቺ? ሶላት የማያልፍሽ ሴት?»

«አዎ፣ እኔ።»

«ወይፈን ሲቀጠቀጥ የት ነበርሽ? ያኔስ አላመመውም?»

«አሞታል። ግን ወይፈን ካልተቀጠቀጠ ለእርሻ አይገራም። ጆሮ ያለው ውሻ መጮኽ ያቅተዋል?»

«ልጅሽንስ ስናስገርዝ እልል ብለሽ የለም?»

«ያንን ሃይማኖታችን አዞናል። ይኼን ማን አዘዘህ? የባቲው ነጋዴ?»

አማቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን። «እንግዲህ ውሻ ታቅፈሽ ማደርሽ ነው፣ ልጄ» አለች። የቁጣ አልነበረም፤ ሣቋን እየዋጠች ነው።

አባቴ ቁርዓን የሚያቀራ ሰው ነበር። የከብትን ጆሮ መሰንጠቅና የአላህን ፍጥረት መለወጥ ሸይጧን ሰውን የሚገፋበት ሥራ እንደሆነ በልጅነቴ አስተምሮኛል። ይህንኑ ለባለቤቴ ወንድም ነገርኩት።

«ያ ለከብት ነው። ይኼ ውሻ ነው፤ ነጃሳ» አለኝ።

«ነጃሳውንም የፈጠረው እሱ ነው። ጆሮውን ሲሰጠው ተሳስቶ ነው?»

ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ወደ ተራራው ተጠግታለች። ከዚያ ቀድሞ ከነበረበት ተመልሶ ተቀመጠና ቢላዋውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ግድ የለም» አለ። «መግሪብ ደርሷል። ልትሰግጂ አይደል? ልትታጠቢ ስትነሺ ቡችላውን ታስቀምጪዋለሽ። ቢላዋው አይቸኩልም።»

እውነቱን ነበር። የመግሪብ ጊዜ አጭር ነው፤ የምዕራቡ ቅላት ሲጠፋ ያልፋል። ለመስገድ ልብስ መለወጥ፣ በአፈርና በውሃ መታጠብ፣ ውዱእ ማድረግ አለብኝ፤ ይህን ሁሉ ቡችላውን ታቅፌ አላደርገውም። ካስቀመጥኩት ጆሮው የለም። ካላስቀመጥኩት ሶላቴ የለም። በወሊድ ከሞት አፋፍ ተመልሼ ከአልጋ ከተነሣሁ ወዲህ አንዲትም ሶላት አልፋኝ አታውቅም ነበር። ምስጋናዬ እሷ ነበረች።

ቢሆንም አልተነሣሁም። የባለቤቴ አባት ከመደቡ ላይ ሆነው ሁሉን እየሰሙ የመስቢሐቸውን ጨሌ ይቆጥሩ ነበር። ፊቴን ወደሳቸው መለስኩ።

«አባ፣ አንቱ ፍረዱን። እኔ ከዚህ የምነሣው በአንቱ ቃል ነው።»

በሽማግሌ ፊት እንዲህ አፍ አውጥቼ ተናግሬ አላውቅም። አባ መስቢሐቸውን አቆሙ። የተናገሩት ግን ለልጃቸው ነው።

«የሚቆረጠው ለጅብ ነው ወይስ ለገበያ?»

«ጅብ ጆሮውን ነክሶ እንዳይዘው ነው፣ አባ።»

«ጭራውስ?»

የቢላዋውን ስለት በጣቱ ይዳብስ ጀመር።

«ጭራውስ አልኩህ?»

«ሮቢት ገበያ ይዤው ስሄድ ሰው ‹የማን ውሻ ነው?› እንዲል ነዋ!»

አማቴ ያፈነችው ሣቅ አመለጣት። አባ አልሣቁም።

«‹የማን ልጅ ነው?› እንዲሉህ ብትተጋ ይሻልህ ነበር» አሉት። ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ የስንቱን ውሻ ጆሮ ቆርጫለሁ። ኃጢአት ነው አልልሽም፤ አይደለምም አልልሽም፤ አላህ ያውቃል። ግን ለውሻ ጆሮ ሲባል ከኔ ግቢ ሶላት አያልፍም።» ለልጃቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «ዲሲ! ተዋት። ቢላዋውን ወደ ሰገባው።»

እኔ ስነሣ ግን እንደገና ጠሩኝ።

«ይህን ስሚ። አንቺ ነሽ ያስተውሽው። ጅብ ዳግመኛ ጥጃ ቢወስድ ወቀሳው በውሻውም በልጄም አይደለም፤ ባንቺ ነው። ባልሽም ሲመጣ እንዲሁ ነው የምነግረው።»

«ተቀብያለሁ፣ አባ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።»

የባለቤቴ ወንድም ቢላዋውን ወደ ሰገባው እየመለሰ፣ «ውሻው ካልጮኸ እንግዲህ አንቺ ትጮኺያለሽ» አለኝ።

«እጮኻለሁ» አልኩት።

ቡችላውን በረቱ ደጃፍ አስቀመጥኩት። አማቴ አፈሩን ራሷ ቆፍራ አመጣችልኝ፤ ውሃውንም እሷ አፈሰሰችልኝ። «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ» ትለኝ ነበር፤ የራሷን ሶላት እኔን ስትጠብቅ አቆይታ። ንጹሕ ቀሚሷን አውጥታ አለበሰችኝ። ከጎኗ ቆሜ ሰገድኩ። የምዕራቡ ቅላት ገና አልጠፋም ነበር። አልሐምዱሊላህ። ያን ቀሚስ አልረሳውም፤ ለሷም ዱዓ ሳላደርግላት ውዬ አላውቅም።

እራት ላይ የባለቤቴ ወንድም አላናገረኝም። እኔም አልለመንኩትም። ያልተቆረጠ ጆሮ ጅብ እንደማያስቀር አውቃለሁ፤ የተቆረጠም በአባቴ ቤት አላስቀረም። ጅቡ በክረምት የገባው አጥሩ በሳሳበት በኩል ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሁላችንም ውሻ እናምጣ ስንል አጥሩን የነካው ሰው አልነበረም። ጥጆቹን በኃላፊነት የተረከብኩት እኔ ከሆንኩ ሥራው ከየት እንደሚጀመር አላጣሁትም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሱብሂን ሰግጄ ፋስ አነሣሁ። የሴት ሥራ አይደለም ያለኝ አልነበረም፤ ቢኖርም አልሰማም ነበር። ከማሳው ወዲያ ካለው ግራር እሾሁ የጠነከረውን ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ፣ በገመድ እያሰርኩ ወደ በረቱ ጎተትኩ። የሳሳውን በእጥፍ ደፈንኩት፤ ከዚያ ዙሪያውን ከፍ አደረግኩት። እጄ ተቧጭሮ ደማ። ፀሐይዋ ሳትበረታ አጥሩ ደረቴ ደረሰ።