በእንጨት ሰይፍ ጉዳይ ወደ ዊተን

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአሌክሳንድሪያ የተነሳሁት ለሽምግልና ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ዊተን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ በሳምንቱ መሀል ደውሎ፣ "እትዬ፣ ይምጡና ልጅዎን ይምከሩልኝ" አለኝ። ልጅዎ ያላት የራሱን ልጅ ሩትን ነው። ሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ አንዲት ቻይናዊት መምህር ዘንድ የሰይፍ ስፖርት ትማራለች። እሁድ የተማረችውን በሕዝብ ፊት ልታሳይ ነው፤ አባትዋ ደግሞ አይሆንም፣ ቀርቷል ብሏል። "ሴት ልጅ ሰይፍ ይዛ ስትዘል ያየ ሰው ምን ይለኛል?" አለኝ በስልክ። እኔም እውነቱን ነው ብዬ ነበር። ባቡር የተሳፈርኩት ልጅቷ እንድትተው ላግባባ ነው።

በቢጫው መስመር

ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ላይ ቢጫውን ባቡር ያዝኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች ገቡ፤ ክሪስታል ሲቲ ላይ ደግሞ የቅዳሜ ሥራ ያለባቸው ተጨመሩና መተላለፊያው ሞላ። ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ የፖቶማክን ድልድይ ሲሻገር ጋዜጣ የሚያነበው ሁሉ ቀና ይላል። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ደፍርሷል። ቻይና ታውን ሥር ባለው ጣቢያ ወርጄ ወደ ቀዩ መስመር ተዛወርኩ። በቻይና ሰይፍ ጉዳይ ልሸመግል ስሄድ በቻይና ታውን ማለፌ ለብቻዬ አሳቀኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባምና እዚህ ወረድኩ። ጣቢያው አቅራቢያ ካለች የአበሻ ግሮሰሪ አንድ ድፎ ዳቦ ገዛሁ፤ ስድስት ዶላር አሉኝ፣ ለዳቦ ውድ ነው። ባለሱቁ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

"ለሽምግልና" አልኩት።

"ሴት ትሸመግላለች እንዴ?" አለና ሳቀ።

"ሽማግሌዎቹ ሁሉ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ መኪና ሲጠብቁ ይውላሉ።"

ይህን ሲሰማ ዳቦውን በድርብ ፌስታል አደረገልኝ።

ሩት የምትለማመደው እዚያው ሰፈር ስለሆነ ጣቢያው በር ላይ ጠብቃኛለች። በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ትከሻዋ ላይ አንግታለች። ዓይኔ ሲያርፍበት አይታ፣ "አክስቴ፣ ዉድ እኮ ነው" አለችኝ። በእንግሊዝኛ እንጨት ማለቷ ነው፤ የእንጨት ሰይፍ።

ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምክሬን ከመጀመሬ በፊት ይህን ነገር ምን አስወደደሽ ብዬ ጠየቅኳት። እንደነገረችኝ፣ መምህርቷ ከልምምድ በኋላ ለተማሪዎቿ ሻይ እያጠጣች የቻይና የሰይፍ ልብ ወለዶችን ትተርክላቸዋለች። በጣሪያ ላይ የሚሮጡ ጀግኖች፣ የደም ብቀላ፣ ተራራ ላይ ሆነው የሚያስተምሩ መነኮሳት አሉባቸው። ከጀግኖቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። አንዷ የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ታስሳለች፤ ሌላዋ ወንዶችን አንበርክካ የምታስተምር የሰይፍ ሊቅ ናት።

"ታዲያ ጥሩ አይደል?" አልኳት።

"እስከ ሚድል፣ እስከ መሀሉ ድረስ ጥሩ ነው። ከዛ ታገባለች። ሰይፏን ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች፤ የቀረው ስቶሪ የባሏ ነው። ያላገባችው ደግሞ ወይ መነኩሴ ናት፣ ወይ ክፉ አሮጊት።"

"እናቶቹስ?"

"እናቶቹ ቻፕተር ዋን፣ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ይሞታሉ። ልጁ የሚበቀለው ነገር እንዲኖረው።"

ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። ሩት አልሳቀችም። "እነሱ እንኳን ሚድል ድረስ ደርሰዋል" አለች። "እኔን ዳዲ ሳልጀምር ነው የሚያስቆመኝ።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያዘጋጀሁትን ምክር አልጀመርኩትም። ሙሉጌታ ገና ወጣት ሳለ እሱን አስከትዬ ወደ ሱዳን በእግር ስሻገር፣ ሴት ልጅ በጫካ ስትሄድ ሰው ምን ይላል ያለኝ አልነበረም። እሱም አላለኝም።

ዊተን

የዊተን ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ የሚያልቅ አይመስልም፤ ቆሞ ለሚወጣ ሰው ሐሳብ ለመለወጥ በቂ ጊዜ ይሰጣል። እላይ ስደርስ የምሸመግለው ማንን እንደሆነ ወስኜ ነበር።

ቤት ስንገባ ምሳ ቀርቧል። የሙሉጌታ ሚስት አሰለፈች እንደ ልማዷ ድምጿን ሳታሰማ ከኩሽና ሳሎን ትመላለሳለች። ሙሉጌታ ሶፋውን እያሳየ፣ "ይቀመጡ እትዬ" አለኝ።

በወጋችን ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እህልም አይቀምስም። ሙሉጌታ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ዘመድ ሲያስታርቅ ራሱ ሰው ቤት ቆሟል። የጠራው ሽማግሌ በእሱ ላይ ይቆማል ብሎ ግን አላሰበም።

"አልቀመጥም" አልኩ። "ሩት እሁድ ሕዝብ ፊት ትወጣለች በል።"

"እትዬ፣ የጠራሁዎት እኮ እኔ ነኝ።"

"ጠራኸኝ፣ መጣሁ።"

ወጡ እየቀዘቀዘ ነው፤ ጉልበቴም ይነዝረኝ ጀመር። ሙሉጌታ አንዴ እኔን፣ አንዴ የተዘጋውን ቴሌቪዥን ያያል። ያን ጊዜ አሰለፈች የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገችና መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"አንቺም?" አላት።

"እኔም።"

እኛ ቆመን እሱ መቀመጡ አላስችል ብሎት ተነሳ። ሩት ኮሪደሩ ላይ ሰይፏን አቅፋ ታየናለች። "እሺ፣ ትውጣ" አለ በመጨረሻ። "አሁን ተቀመጡ።"

እኔ ወዲያው ተቀመጥኩ፤ አላፍርበትም። አሰለፈች ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"አንተም መጥተህ ካላየሃት አልቀመጥም" አለችው።

ሙሉጌታ እንግዳ ሰው እንደሚያይ ሁሉ አያት። ከዚያ "እመጣለሁ" አለ፤ ወንበሩንም እሱ ሳበላት። ወጡን ቀዝቅዞ እንዳለ በላነው።

መልስ

ሩት እስከ ጣቢያው ሸኘችኝ። ደረጃው አፍ ላይ፣ "አክስቴ፣ እኔ የራሴን ስቶሪ ስጽፍ እናትየዋ ቻፕተር ዋን ላይ አትሞትም" አለችኝ።

አሌክሳንድሪያ ስገባ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ባለ ታኮ ጫማዬን አውልቄ ጉልበቴን እያሸሁ ስለ አሰለፈች አሰብኩ። ወንድሜን ካገባች ጀምሮ በዘመድ ሁሉ ዘንድ ዝምተኛዋ ስንላት ኖረናል። ለካ ያጣችው አጠገቧ የሚቆም ሰው ነው። እሁድ ሩትን ለማየት ያንኑ ባቡር እይዛለሁ፤ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጌ።