የአኮርዲዮኑ ምሽት ቃለ ጉባኤ

ለጋሼ ጉባኤ እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን እሷንም አስረስቷት ነበር። ጥቁር ፀጉር ይዞ ገብቶ ሽበቱን ይዞ እስኪወጣ ድረስ ሥራው አንድ ነበር፦ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝ። ኃላፊ ይመጣል፣ ኃላፊ ይሄዳል፤ እሱ የጠረጴዛውን ጥግ ይዞ ይጽፋል። ሁለት ምክትሎች በውሃ ጠርሙስ የተፈነካከቱ ዕለት እንኳ ብዕሩ ውልፍት አላለም። «በአጀንዳው ላይ ሰፊ የሐሳብ ልውውጥ ተደርጓል» ብሎ አሰፈረና ደማቸውን እየጠረጉ አስፈረማቸው።

ከጠረጴዛው በታች ግን እግሩ ምት ይመታ ነበር። በበጀት ስብሰባ መሃል አንድ መኪና ዘፈን ከፍቶ በመስኮቱ ሥር ካለፈ፣ ልቡ መኪናውን ተከትሎ ይሄድና ከሻይ ዕረፍት በኋላ ነው የሚመለሰው። እናም ጡረታው እጁ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ሥራውን ለቀቀ።

«ምን ልትሆን?» አለች ሚስቱ ማማሰያዋን እንደያዘች።

«እየተጓዝኩ ሙዚቃ ልሰማ። የሰማሁትን ልጽፍ።»

«አንተ? በሠርጋችን ስትጨፍርʼኮ እናቴ ‹ልጁን ውጋት ያዘው› ብላ ውሃ አመጣችልህ!»

ካፌ ውስጥ ደግሞ የድሮ ባልደረባው ሒሳብ ሹሙ ጠበቀው። «ጌታዬ፣ ዓለምን ሊዞሩ ነው አሉ? አውቶቡሱ መንገድ ቢቀይር ‹ተጠለፍን!› ብለህ የጮህክ ሰውዬ!»

«አንዲት ጽሑፍ እዚህ ካፌ በምናነበው ሳምንታዊ መጽሔት የሙዚቃ ገጽ ላይ ትውጣልኝና እንነጋገራለን» አለ ጋሼ ጉባኤ። ከዚያች በቀር ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ወደ አንዲት የወደብ ከተማ ሄደ። በአንድ ጠባብ መጠጥ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት አኮርዲዮን ስትጫወት ሰማ። እንዴት ያለ ጨዋታ! መርከበኞቹ ብርጭቋቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ጋሼ ጉባኤም በእናቱ ቀብር ያላወጣውን እንባ አወጣ፤ ሸሚዙ ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላ ነበር። ወደ አልጋ ቤቱ ሮጦ ብዕሩን አነሳ። እጁ ግን የለመደውን ጻፈ፦

«የአኮርዲዮን ተጫዋቿ ጥቂት ዘግይተው ተገኝተዋል። በሁለተኛው ዘፈን ላይ ከተሳታፊዎች አንዱ ማልቀሳቸው ተስተውሏል። ሐዘኑ ተገቢ መሆኑ ታምኖበት ወደሚቀጥለው ዘፈን ታልፏል። ባሕሩን በተመለከተ ሰማያዊ መሆኑ ተረጋግጧል።»

መልሶ ሲያነበው እንደገና አለቀሰ። ለእሱ ከያንዳንዱ «ተስተውሏል» ጀርባ አኮርዲዮኑ ይሰማዋላ! በማግስቱ ለመጽሔቱ ላከው።

መጽሔቱ የወጣ ቀን የሙዚቃ ገጹን ገለጠ፤ የለም። የጉዞ ገጹን ገለጠ፤ የለም። አንገቱን ደፍቶ ካፌ ሲገባ ሒሳብ ሹሙ ወንበር ላይ ቆሞ እያነበበ ነው። ከመጨረሻው ገጽ፣ ከቀልድ ገጹ።

«ባሕሩን በተመለከተ!» ብሎ መጨረስ አቃተው። አስተናጋጁ ከነትሪው መሬት ተቀምጧል። አንድ ደንበኛ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ወልቆ ሻዩ ውስጥ ገብቷል፤ እየሳቀ በማንኪያ ይፈልጋል።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሆዷን ይዛ ጠበቀችው። «አንተ ሰውዬ! ይሄን ሁሉ ዘመን ቀልደኛ መሆንህን ደብቀኸኝ!» ብላ አቀፈችው። እንደዚያ ካቀፈችው ቆይታ ነበር፤ የሆነውን ሊነግራት አልደፈረም።

በማግስቱ ከመጽሔቱ አዘጋጅ ጠረጴዛ ፊት ቆመ፤ የልጁ እኩያ ናት። «ልጄ፣ ያ ጽሑፍ ቀልድ አይደለም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይግደሉኝ! ሲናገሩም ፊትዎ አይፈታም! በየሳምንቱ ይጽፉልኛል። በስምዎ፣ ከፎቶዎ ጋር።»

ያለቀስኩት እኔ ነኝ ሊላት አፉን ከፈተ። ካፌው ትዝ አለው፣ የሚስቱ እቅፍ ትዝ አለው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋው።

ቀጥሎ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሳክስፎን ላይ ሲቀመጥ የሚያሳይ ቀልድ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ጻፈ። አዘጋጇ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ሆና አነበበችው። «ጋሼ ምን ነካዎት? ይሄʼኮ ለማሳቅ የተጻፈ ነው።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ይሂዱና ይስሙ። እንደዚያኛው፣ የእውነት የሆነ ነገር ያምጡልኝ።»

በተራራ ላይ ወዳለች ከተማ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ጥሩንባ ነፊ የገበያውን ሰው ዙሪያው ሰብስቦ አፈዘዘው። ሴቶች ዘንቢላቸውን ጥለው አለቀሱ። ጋሼ ጉባኤ ግን አላለቀሰም፤ ሥራ ላይ ነበር። የሽማግሌውን የተቀደደ ጫማ አየ፣ ሲነፋ እንደ እንቁራሪት የሚነፋውን ጉንጩን አየ። «የተጫዋቹ የግራ እግር አውራ ጣት በስብሰባው ላይ በታዛቢነት ተገኝቷል» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው እጁን ልቡ ላይ አድርጎ «ስለኛም የሚጽፍ ሰው ተገኘ፣ ይባረኩ» አለው።

ጽሑፉ ወጣ፤ ከፎቶው ጋር። ካፌው ተናጋ፤ ሒሳብ ሹሙ ሻይ ከነኬኩ ጋበዘው። ማታ ሚስቱ መጽሔቱን እያጠፈች «ምን ተጫወተ ለመሆኑ ሽማግሌው?» አለችው።

ጋሼ ጉባኤ አሰበ። ጫማው መጣለት፣ ጉንጩ መጣለት። በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ፤ አንድም ዜማ አልመጣለትም።

«አላስታውስም» አላት።

ሚስቱ በሳቅ ፍርስ አለች። «እሱንም ጻፈው!»