ባለ አንድ ዓይኗ ሴት

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው፣ በኅዳር፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ሰሞኑን ስልኳ ላይ ተደፍታ የጃፓን ካርቱን ስታይ አገኘኋትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ አንቺ እኮ አይገባሽም» አለችኝ። ይገባኛል ብላት አታምነኝም።

ሞላሌ ከተማ ከአክስቴ ጋር ነበር የምኖረው። እናቴ ዓረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። መጀመሪያ በየወሩ ትደውል ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ድምጿ ጠፋ። ገበያ ላይ ሴቶች «አግብታ ነው፣ ልጇንም ረስታለች» ሲሉ ሰማሁ። ለአክስቴ አልነገርኳትም። ብቻ ስጸልይ የእናቴን ስም መጥራት ተውኩ። የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ፈርቼ ነው።

ዘይነባ አብራኝ የምትማር ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከቆላ ወጥተው ሞላሌ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ። ወንድሟ በጥቅምት ከደብረ ብርሃን ሲመለስ የአንድ ካርቱን አራት ሲዲ ይዞ መጣ። ንግግሩ ጃፓንኛ ነው፤ ከሥር እንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ከሁሉም በእንግሊዝኛ የምሻለው እኔ ስለነበርኩ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸው ጀመር። እናቷ እትዬ ሐዋ በሳምንት አንድ ሲዲ ብቻ ነበር የሚፈቅዱልን። የሱቁን ጨርቅ እየዘመዘሙ እሳቸውም ያያሉ፤ በሰፌድ ትኩስ የገብስ ቆሎ መሐላችን ይቀመጣል፣ ውጭ ብርዱ ፊት ይቆርጣል።

ታሪኩ እናቷን ፍለጋ በጭጋግ አገር ስለምትጓዝ ልጅ ነው። የምትጋልበው ቀይ ቀበሮ ጓሳ ሜዳ ላይ የምናየውን ይመስላል፤ ግን በቅሎ ያህላል። ወንዙ ወደ ላይ ይፈሳል፣ ዛፉ መንገድ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጅቷ አትደነግጥም፤ የምታስበው እናቷን ብቻ ነው። እኔን የያዘኝ ይኼ ነበር።

«ይቺ ልጅ» አሉ እትዬ ሐዋ፣ «ዓይኗ ግማሽ ፊቷን ይዞት እናቷን እንዴት ማየት አቃታት?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን በዓይኗ መሳቅ አልቻልኩም። በደብራችን ግድግዳ ላይ ያሉት ቅዱሳን ዓይናቸው እንዲሁ ትልልቅ ነው። በዚያ ሥዕል ላይ ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ። ይሁዳና ሰይጣን ግን ከጎን ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነጠላዋ ውስጥ አስገብታኝ በጣቷ እያሳየች።

ስለዚህ ልጅቷ በሄደችበት ሁሉ ከፊት ከፊቷ የምትሄድ፣ ጥቁር ካባ የለበሰች ሴት ብቅ ስትል ወዲያው ፈረድኩ። ሴትዮዋ አትናገርም። ሁልጊዜ ከጎን ነው የምትታየው፣ በአንድ ዓይኗ።

«ጠላቷ ናት» አልኩ። ጽሑፉ እንዲህ አላለም። ግን ሁሉም አመኑኝ። ሴትዮዋ በታየች ቁጥር የዘይነባ ታናናሾች «ሽሺ! መጣችልሽ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እትዬ ሐዋም መርፌያቸውን አቁመው «ቀበሮውን ጥሪው እንጂ፣ ምን ይገትርሻል!» ይላሉ።

ዘይነባ ብቻ፣ «ምንም አላደረገቻትም እኮ» አለችኝ።

«አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው፤ አታይም?»

«ፀጉሯ ሸፍኗት ቢሆንስ?»

«አንቺ ሥዕል አታውቂም» አልኳት።

አራተኛውን ሲዲ ያየነው በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ነው። ልጅቷ ሴትዮዋን ገደል አፋፍ ላይ ደረሰችባት። ነፋስ መጣ፣ የሴትዮዋን ፀጉር ገለጠው፣ ፊቷን አዞረች። ሁለት ዓይን። እናቷ ነበረች። ድምፄን የሰማ ድንጋይ ይሆናል ተብዬ ተረግሜ ነበር፣ እርግማኑ ዛሬ ተፈታ፣ ይላል ጽሑፉ፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩሽ፣ ለዚህ ነው መንገዱን ልጠርግልሽ ከፊትሽ የሄድኩት።

አነበብኩት። አማርኛውን ግን አልነገርኳቸውም።

«በይ እንጂ ልጄ፣ ምን አለቻት?» አሉ እትዬ ሐዋ።

«እናቷ ናት» አልኩ።

እትዬ ሐዋ ጨርቁን አስቀምጠው ፊቴን አዩ።

«እናትሽ ደውላልሽ ታውቃለች፣ ሰሞኑን?»

«ኧረ አልደወለችም» አልኩ።

«እዚያ አገር ስልክ ይቀማሉ ልጄ። በእህቴ ልጅ ደርሷል፤ ዓመት ሙሉ ድምጿ ጠፍቶ ነበር። ዝም ስላለች ረሳችኝ አትበይ።» ከዚያ ወደ ዘይነባ ዞረው፣ «ቆሎውን አቅርቢላት፣ ምን ታይኛለሽ» አሉ።

እናቴ በጥር ደወለች። እንዳሉት ስልኳን ወስደውባት ኖሯል። ዛሬ እዚሁ ከእኛ ጋር ናት፤ ከልጅ ልጇ ጋር በስልኩ ስትጨቃጨቅ እሰማታለሁ። ተመስገን። ሰዎች የጃፓን ካርቱን ለምን እንዲህ እንደሚወዱ ስጠየቅ፣ ስለ ሌላው አላውቅም። እኔን ግን ያ ካርቱን በእናቴ ላይ የፈረድኩትን ፍርድ አሳይቶኛል፤ ገና ድምጿን ሳልሰማ፣ ገና ምንም ሳላውቅ።

ያን አራተኛ ሲዲ ባየን ማግስት ጠዋት፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ ጧፍ ይዤ ሚካኤል ሄድኩ። ስም የሚመዘግቡት ቄስ በር አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ስም ላስጠራ።»

«የማን?»

«የእናቴ። ወለተ ሚካኤል።»

ብዕራቸውን አንስተው ቀና አሉ። «ከሕያዋን ነው ከሙታን?»

«ከሕያዋን» አልኩ፣ ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች ሁሉ እንዲሰሙኝ።