በእድራችን ደንብ «ቤተሰብ» ማለት

የብሎካችንን እድር መተዳደሪያ ደንብ እንዳርም የተጠራሁት ወረዳው ረቂቁን ሳይመዘግብ ስለመለሰው ነው። ረቂቁ «የእድሩ አባል ቤተሰብ ነው» ይላል፤ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ግን የትም ቦታ አልጻፈም። መዝጋቢው ከዐረፍተ ነገሩ አጠገብ «ይተርጎም» የሚል አንድ ቃል በቀይ እስክሪብቶ አስፍሮበታል። የእድሩ ሰብሳቢ ከየካ አባዶ መገናኛ የሚመላለስ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው። ወረቀቱን ይዞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣና በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ይኼ የእርስዎ ሥራ ነው» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «እኛን ቤተሰብ ምንድን ነው ቢሉን ቤተሰብ ነዋ ነው የምንለው።»

«ለመሆኑ ያጣላችሁ ነገር አለ?»

«ሞልቶ! አንዱ የሚስቴ የአክስት ልጅ ገጠር ሞተብኝ ብሎ ድንኳኑን ጭኖ ሄደ። ሌላው ደግሞ ልጆቹን ያሳደገችለት ሠራተኛ ስትሞት ቤተሰብ አይደለችም ተባለና ይኸው እስካሁን ሰላምታ የለንም። በዚህ አያያዛችን ወይ ድንኳኑ ያልቃል ወይ እኛ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ደስታዬን ላለማሳየት መነጽሬን መፈለግ ጀመርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሙያዬ የፈለገኝ ሰው ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሕዝብ ቆጠራ ሥራ ላይ ነው። የእኔ ድርሻ በየበሩ ለሚሄዱት ቆጣሪዎች የሚሰጠውን መመሪያ ማዘጋጀት ነበር። በመመሪያው ውስጥ ከነበሩት ቃላት እንደ «ቤተሰብ» ያደከመን የለም። ቤት ይታያል፤ ሰው ይቆጠራል፤ ቤተሰብን ግን በር ላይ ቆሞ ጠይቆ መረዳት እንጂ በዓይን ማየት አይቻልም። እኛ የያዝነው ትርጉም የቆመው በማዕድ ላይ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ ከአንድ ማጀት የሚመገቡ ሰዎች አንድ ቤተሰብ ናቸው። ወንድማማቾች በአንድ ግቢ እየኖሩ ለየብቻ ካበሰሉ ሁለት ቤተሰብ ይሆናሉ። ሠራተኛዋ አብራ ካደረችና ከበላች ትቆጠራለች፤ ሌላ ከተማ የሚማረው የአብራክ ልጅ ግን እዚያው ባደረበት ይቆጠራል። ይህን የሰሙ እናቶች በቆጣሪዎቻችን ላይ ይጮኹ እንደነበር አስታውሳለሁ።

አንድ ጊዜ ከየመሥሪያ ቤቱ ተውጣጥተን የሙያ ቃላትን ለማስማማት ተሰበሰብን። የሕግ ባለሙያው ትርጉማችንን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ከአንድ ድስት መብላት ቤተሰብ ካደረገ የሆቴል ደንበኞች ሁሉ ይዋረሳሉ ማለት ነው» አለ። ለእሱ ቤተሰብ በጋብቻ፣ በሥጋ ዝምድና ወይም በጉዲፈቻ ካልሆነ አይመሠረትም። ከግብርና የመጣው ሰው ደግሞ በእነርሱ ዘንድ ጤፍ፣ ስንዴና ቀርከሃ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን አስረዳን፤ «አብረው በልተውም አያውቁ፣ ተጋብተውም አያውቁ» ሲል ሳቅን። የጤና ባለሙያዋ ቤተሰብን የምትመዝነው በመጸዳጃ ቤቱና በልጆቹ ክትባት ነበር። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት የግእዝ ሊቅ ክርክሩ እስኪያበቃ ጠበቁና፣ ቃሉ ቤተ ሰብእ፣ የሰው ቤት ማለት መሆኑን፣ ስንት ሰው እንደሚበቃው ግን ጥንትም ያልተወሰነ መሆኑን ተናገሩ። በቃለ ጉባኤው ላይ «እንደየሙያው ይተረጎማል» ተብሎ ተጻፈና ተለያየን።

እኔ የሊቁን ንግግር ይዤ ወጣሁ። በዚያ ወቅት የምሟገትላት ሐረግ ነበረችና፤ «አንድ ሰው ወይም» የምትል። በመመሪያው ላይ የቤተሰብ ትርጉም «አንድ ሰው ወይም ከአንድ በላይ የሆኑ ሰዎች» ብሎ እንዲጀምር እፈልግ ነበር። አለቃዬ «አንድ ሰው ብቻውን እንዴት አድርጎ ነው ቤተሰብ የሚሆነው?» ብለው ሁለት ጊዜ ሰረዙት። ክርክሩ ያበቃው መጠይቁን ለመሞከር ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ዛሬ እኔ የምኖርበት የኮንዶሚኒየም መንደር ወዳረፈበት የእርሻ መሬት በወጣን ጊዜ ነው። በአንዲት ጎጆ ለብቻቸው የሚኖሩ መበለት አገኘን። አስተርጓሚያችን በኦሮምኛ የቤቱ ኃላፊ ማን እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ «በሩን ማታ የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ጠዋትም ካልከፈትኩት የሚከፍተው የለም» አሉ። አለቃዬ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር። ሐረጓን ሦስተኛ ጊዜ አልሰረዟትም።

ከዚያ በኋላ ቃሉን በሌላ ሙያ ያገኘሁት ባለቤቴ ታማ በተኛችበት ሆስፒታል ነው። እዚያ ቤተሰብ ማለት የታዘዘውን መድኃኒት ፈልጎ የሚያመጣ፣ ናሙና ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሮጥ፣ ሲጠሩት የሚደርስ ሰው ነው። ነርሷ የአልጋውን ቁጥር ትጠራና «ቤተሰብ!» ትላለች። ተነሣሁ።

«ቤተሰብ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ሌላ ሰው የለም እንዴ? ወጣት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ደረጃው ብዙ ነው።»

ወደ አግዳሚው ዞር ብዬ ተመለከትኩ። ለምን እንደዞርኩ አላውቅም። ልጅ አልወለድንም፤ ሁለታችንም እህትና ወንድም የቀበርን ሰዎች ነበርን። «ደረጃውን እችለዋለሁ» አልኳት።

ባለቤቴ ስታርፍ የምንኖረው ቦሌ ሚካኤል ነበር፤ ድንኳኑን የተከለው፣ ለቀስተኛውን ያስተናገደው የቆየው የሰፈራችን እድር ነው። ቤታችን ያለበት ጎን ለልማት ሲነሣ ሰዉ በየአቅጣጫው ሄደ፤ እድሩም ፈረሰ። የካ አባዶ ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። ከዚህ የብሎክ እድር በቀር እኔን የሚቀብር ማኅበር እንደሌለ ሳስብ የቆየሁት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። በአባላቱ መካከል ለብቻው የሚኖር ደግሞ ከእኔ በቀር አልነበረም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ የሰብሳቢውን ወረቀት ይዤ ጠረጴዛዬ ላይ ስቀመጥ «ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች» ብዬ ጻፍኩ።

ያንን ያደረግሁበት ምክንያት ነበረኝ። የእድር ሥራ የቆጠራ ሥራ አይደለም። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን የሚተክለው ለሟቹ ሳይሆን ለቀረው ሰው ነው፤ በድንኳኑ ውስጥ ሐዘንተኛ ይቀመጣል፣ ጎረቤት እየገባ ያጽናናዋል፣ አብሮት ያመሻል። ለእድር ቤተሰብ ማለት አንዱ ሲሞት ሌላው ለቅሶ የሚቀመጥለት ቤት ነው። በዚህ ሙያ አንድ ሰው አይበቃም። በተጨማሪም ደንብ የሚያረቅ ሰው ለራሱ የሚጠቅም ሐረግ አያስገባም ተብለን ነው ያደግነው። የዱሮዋን ሐረጌን ዛሬ ብጽፋት ለማን ብዬ እንደጻፍኳት ሁሉም ያውቃል። ጽሑፉን በንጹሕ ገልብጬ ሳበቃ ባማረ ሥራ የሚገኘው እርካታ ተሰማኝ፤ ወዲያው ደግሞ ቤቱ በጣም ጸጥ ያለ መሰለኝ።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በብሎኮቹ መካከል ባለው የጋራ አዳራሽ ተደረገ። ጸሐፊዋ ባንክ የምትሠራ ወጣት ናት። ቆማ አነበበችው።

«‹ቤተሰብ› ማለት በብሎኩ ውስጥ በአንድ ቤት አብረው የሚያድሩና በጋራ የሚመገቡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሲሆኑ፣ በሌላ ስፍራ ቢኖሩም የአባሉንና የትዳር ጓደኛውን ወላጆች ይጨምራል።»

«ይባረኩ!» አለ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ሠራተኛዋ ገባች፣ የአክስት ልጅ ወረደ! ወራጅ አለ ማለት ይኼኔ ነው። በሉ እጅ ይነሣ።»

እጆች ወደ ላይ ሲወጡ ምድር ቤት ሱቅ ያላት፣ ከወሎ የመጣች ጎረቤታችን የራሷን እጅ በሌላው እጇ ይዛ አወረደችው።

«ኧረ ቆዩማ! ስንት ነው ያልሽው አንቺ?»

«ሁለት ወይም ከዚያ በላይ።»

«እና ጋሼን የት አስገባችኋቸው?»

ሰብሳቢው ወደ እኔ፣ ከእኔም ወደ ወረቀቱ ተመለከተ። «እሳቸው እኮ ናቸው የጻፉት» አለ።

«ራሳቸውን አስወጥተው? ወላሂ የተማረ ሰው ጉድ ነው! እኛ ሰው ስንቆጥር ከራሳችን እንጀምራለን።»

ተነሥቼ ምክንያቴን አስረዳሁ። በእርጋታ ነበር የተናገርኩት፤ ስለ ደንብ አርቃቂ ሥነ ምግባርም፣ ስለ እድር ልማድም። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኔን አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣልኝ እሱ ነው።

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያሉት እውነት ነው። ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ ግን ያ ቀን ሲመጣ ድንኳኑን ለማን ነው የምንተክለው? ገብተን ማንን ነው እግዜር ያጥናህ የምንለው? ወንበር ለወንበር ልንተያይ ነው?»

«እኔን በሉኛ!» አለች ባለሱቋ። «በየማለዳው ሁለት ዳቦ የሚወስዱት ከእኔ ነው። አንድ ቀን ቢቀሩ ቀድሜ የማውቀው እኔ፣ በራቸውን የማንኳኳው እኔ። ታዲያ ሳውቅ እኔ፣ ሲያጽናኑ ሌላ?»

«አንቺ ሙስሊም፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን የሚቀበሩ፣ እንዴት ይሆናል?» አለ ሰብሳቢው፤ ነገሩን ለማቅለል ይመስለኛል።

«ቀብሩን ለካህኑ ተወው። እንባ የማን ሃይማኖት አለው? ደግሞ አንተ የሹፌር ነገር፣ ታሪፍ ልታወጣ ነው?»

ሳቅ ሆነ። ጸሐፊዋ «ኦኬ፣ ግን ፎርማሊ እንዴት ነው የምንጽፈው?» ስትል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እስክሪብቶ ተዘረጋልኝ።

አልተቀበልኩትም። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ውሳኔ ሲሰጥበት ከስብሰባ ይወጣል፤ በመሥሪያ ቤት ሕይወቴ ይህን ሥርዓት አንድም ቀን አላፈረስኩም። «ውጭ እጠብቃለሁ» አልኩና ወጣሁ። ማንም እንድቀመጥ አልለመነኝም፤ አክብረውኝ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ውጭ በውሃ ታንከሮቹ አጠገብ ቆምኩ። በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቷል፤ የአንዱ ቤት ብርድ ልብስ የታችኛውን ቤት መስኮት ሸፍኖታል። ከአዳራሹ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንድ ጊዜ ሳቁ። ለእኔ ማን እንደሚያለቅስልኝ በድምፅ ብልጫ እየተወሰነ እኔ ከበር ውጭ ቆሜ ነበር። ስለ ዳቦውም አሰብኩ። ሁለት የምገዛው በልማድ ነው፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ እስከ ማግሥቱ ይደርቃል፤ ያንን የሚቆጥር ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ወደ ቦሌ የሚያሽቆለቁል አውሮፕላን በላዬ አለፈ። ቀና ብዬ እስኪሰወር ተከተልኩት፤ ሌላ የምሠራው ነገር አልነበረኝምና።

ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ «ይግቡ ጋሼ፣ ጨርሰናል» አለችኝ። የራሳቸውን ጽሑፍ አነበበችልኝ።

«ለብቻው የሚኖር አባል እንደ ቤተሰብ ይቆጠራል። ባረፈ ጊዜ ድንኳኑ በብሎኩ መግቢያ ይተከላል፤ ለቅሶ የሚቀመጡትም ብሎኩ በሙሉ ነው።»

የዐረፍተ ነገሩ ባለቤትና ግሥ አልተስማሙም። «ባረፈ ጊዜ» የሚለውም ለደንብ የሚሆን አነጋገር አልነበረም። እስክሪብቶው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አልነካሁትም።

«ተስማሙ?» አለኝ ሰብሳቢው።

«ተስማምቻለሁ።»

«እንግዲህ ቶሎ አይጠቀሙበት!» አለች ባለሱቋ፤ ሰዉም እየሳቀ ወንበሩን ማንሣት ጀመረ። ሁሉም ወደ ምሳው ተበተነ። እኔም ደረጃውን ወጥቼ በሬን ከፈትኩ፤ የትናንቱን ዳቦ አሞቅሁና በላሁ።

በማግሥቱ ጉርድ ሾላ ወርጄ ደንቡን አስተየብኩ፤ ለወረዳው ያስገባሁትም እኔ ነኝ። መዝጋቢው ልጅ እግር ነው። የትርጓሜውን ክፍል በጣቱ እየተከተለ አነበበና አዲሷ አንቀጽ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ይኼ ‹ለብቻው የሚኖር› የሚለው ራሱ አይተረጎምም?»

«ምን ማለት እንደሆነ አልገባህም?»

«እሱስ ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ይቅር።»

ማኅተሙን ለመምታት ኃላፊው እስኪመለሱ እንድጠብቅ ነገረኝ፤ ጠበቅሁ። ደንቡ ከነማሻሻያው፣ ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት፣ ዘንድሮ ግንቦት አሥራ አራት ቀን ጸድቆ ተመዝግቧል።