የአማቴ ቤትና የኢንሹራንሱ ሰው

የቤት አዋጁ ሲወጣ ሁለት ቤት ነበረን። አንዱ የእኔ ነው። ከወንጂ ባዶ ጆንያ እየገዛሁ፣ ቀዳዳውን እየሰፋሁ፣ አቦምሳ ላሉ እህል ነጋዴዎች እየሸጥኩ ያሠራሁት የብሎኬት ቤት። ሌላው ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ፣ የድንጋይ መሠረትና የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ሚስቴ ከአባቷ የወረሰችው አሮጌ ቤት። ለባልና ሚስት አንድ ቤት ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ምረጡ ተባልን። ሚስቴ የያዘችውን ሻይ ሳትጨርስ የአባቷን መረጠች። የእኔን መንግሥት ወሰደው።

ሰው በቤት ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። የበረንዳውን እንጨት ስትዳብስ እያየሁ፣ የእኔን ብሎኬት እንደዚያ ነክታው አታውቅም እላለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀበሌው አጥራችን ሥር ዳቦ ቤት ከፈተ። የምድጃው ጭስ ማውጫ ፍንጣሪውን ወደ መስኮቶቻችን ይተፋል። ሚስቴ እንቅልፍ አጣች።

«ቤቱን ኢንሹራንስ እናስገባው» አለችኝ።

«ኢንሹራንስ ለጭነት መኪና ነው እንጂ ለቤት ማን ይገባል?»

«መኪና ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። ይሄን ማን ይሠራልኛል?»

ማመልከቻውን ራሷ አስገባች። አንድ ጠዋት ሜትርና ማኅደር የያዘ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ሚስቴ በሩን ከፍታ እንዳየችው «ውይ! አንተ ነህ እንዴ?» አለች። እኔን ባሏን ሰው ፊት «እሳቸው» የምትል ሴት ናት።

ሰውዬው የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ያደገው ከመንገዱ ማዶ ነው። ከእኔ በፊት ሽማግሌ ልኮባት ነበር። አባቷ «ገና ተማሪ ነው» ብለው መለሱት። ይህንን በተጋባን ሰሞን እየሳቀች ነግራኛለች። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ባልስቅ ይሻል ነበር።

በረንዳው ላይ ሲወጣ ሦስተኛውን ጣውላ ሳያይ ዘለለው። ያ ጣውላ ይሰምጣል፤ እኔን ሁለት ጊዜ ቁርጭምጭሚቴን አጣሞኛል። ግድግዳውን መታ መታ አደረገና፣ «ይህ ተራ ቤት አይደለም። ከባቡሩ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ናዝሬት ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ቀረ? ታሪክ ነው» አለ። በማኅደሩ ላይ የጻፈውን ግምት በትከሻው አሻግሬ አየሁት። ፍቅረኛ ካልሆነ በቀር ለአሮጌ ቤት እንደዚያ የሚገምት የለም።

አላስቻለኝም። ጆንያ ስገዛ ወደ ፀሐይ አንስቼ ቀዳዳውን አንድ በአንድ በድምፅ እቆጥራለሁ፤ ሻጩ በየቀዳዳው ዋጋውን ይቀንሳል። ቤቱንም እንደዚያው አደረግሁት።

«ጓድ፣ ይህን ምሰሶ ይዩልኝ፤ ምስጥ ጨርሶታል። አሸንዳው ተበስቷል። መሠረቱ እዚህ ጋ ተሰንጥቋል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ በላዩ አይጥ ሲሮጥ ሆዱ ይታያል።»

ሚስቴ ተከትላን ስትዞር ቆይታ ቀስ ብላ «የማንን ቤት ነው የምትገዛው?» አለችኝ።

ሰውዬው ያልኩትን ሁሉ ጻፈ። ከዚያ ማኅደሩን ዘጋ። «እኔ የማላየውን ሁሉ ባለቤቱ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ይህ ሁሉ ሳይጠገን ቢሮው አይቀበለውም። አስጠግኑትና ተመልሼ መጥቼ አያለሁ።»

እኔ የሰማሁት «ተመልሼ» የሚለውን ብቻ ነው።

ሲሄድ ሚስቴ አልጮኸችም። «ያንን ሁሉ ቀዳዳ ካወቅህ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ትጠብቅ ነበር?» ብላ ወጥ ቤት ገባች።

ጥገናው ወራት ፈጀ። ሲሚንቶ በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ፊርማ ይፈልጋል፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ጣውላ ከሻሸመኔ በሹፌር አስመጣሁ፤ በጆንያ ለውጬ። ሌላውን አናጢው ሠራ፤ ሦስተኛውን ጣውላ ግን ራሴ ቀየርኩት። ሰውዬው ሲመጣ የሚዘለው እንዳይኖረው ብዬ ነው። መጣ። እግሩ ዘለለው።

ምሰሶውን፣ አሸንዳውን፣ መሠረቱን አየ፤ ሁሉንም ወደደው። «የቀረው ኮርኒስ ነው። አቡጀዲ እሳት ካገኘው አይመለስም። የሳሎኑን አይቻለሁ፤ የመኝታ ቤቱንስ?»

«እሱም ተቀይሯል፤ ኮምፔንሳቶ ነው።»

«ልየው።»

«ቃሌ አይበቃም?»

«ቅጹ ‹በዓይን የታየ› ነው የሚለው፣ ጓድ።»

የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከአጥሩ ማዶ ዳቦ ጋጋሪዎቹ እንጨት ሲወረውሩ ይሰማል። ሚስቴ ከኋላዬ መጥታ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

«ቤቱ ሲቃጠል መኝታ ቤቱ ብቻውን የሚተርፍ መስሎህ ነው? በል ዞር በልለት።»

«አንዴ» አልኩና ቀድሜ ገባሁ። አልጋው ላይ ጋቢ ዘረጋሁ። በሩ ላይ የተንጠለጠለ ቀሚሷን ቁም ሣጥን ውስጥ ወረወርኩ። ኮመዲኖው ላይ የነበረ ፎቶዋን በፊቱ ደፋሁት። ከዚያ «ይግቡ» አልኩ።

ገባ። ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ፤ በእስክሪብቶው ነካ ነካ አደረገ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። እኔ ዓይኔን ከዓይኑ አልነቀልኩም። አልጋ አላየ፣ መስተዋት አላየ። ቀና እንዳለ ወጥቶ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ጻፈ፤ ሚስቴ ፈረመች፤ ቤቱ ኢንሹራንስ ገባ። እስከ ውጭ በር ሸኘሁት፤ ጨዋ ሰው ነው፣ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ።

ሚስቴ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኛች። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳሰላስል ዋልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኑን ዝቅ አላደረገም። ልቡ ውስጥ ምንም የሌለ ሰው እንደዚያ አይጠነቀቅም።